ዲር ኦል

ከጎኔ የሚቀመጠው ባልደረባዬ ደኅና መሆኔን ተስፋ ያደርጋል። ተስፋውን በአፉ ቢነግረኝ ቅር ባላለኝ፤ የሚነግረኝ በኢሜይል ነው፣ ያውም በእንግሊዝኛ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አብረን ወርደን ከአንድ ሳህን ፍርፍር እንበላለን። የእናቴን የጉልበት ሕመም ይጠይቀኛል፣ የልጁን የትምህርት ቤት ክፍያ ያማርርልኛል፣ «እኔ ልክፈል፣ በሞቴ!» እየተባባልን አስተናጋጇን እናስጨንቃለን። አራት ተኩል ላይ ተመልሰን ወንበራችን ላይ ሳንደላደል ኮምፒውተሬ ጢን ይላል፤ «ዲር ኦል፣ አይ ሆፕ ዚስ ኢሜይል ፋይንድስ ዩ ዌል።» ዞር ብዬ አየዋለሁ። አያየኝም። በሕይወቱ አግኝቶኝ የማያውቅ ይመስል ስክሪኑ ላይ አፍጥጧል። ደኅንነቴ ያን ያህል ካሳሰበው አንገቱን ትንሽ ማዞር ይበቃው ነበር።

«ምን ቸገረህ፣ የሥራ ደብዳቤ ነው» ትሉኝ ይሆናል። እሱስ ነው። ግን ሰላምታው ብቻውን አይመጣም። መጀመሪያ «ካይንድሊ» ይላል። መልስ ሲያጣ «ጀንትል ሪማይንደር» ይልካል፤ ጀንትል የምትለዋ ስትመጣ ሰውዬው ጥርሱን መንከስ እንደጀመረ ዕወቁ። ከዚያ «አስ ፐር ማይ ፕሪቪየስ ኢሜይል» ይከተላል፣ አለቃችንም በሲሲ ብቅ ይላል። የድሮ የመሥሪያ ቤት ሰው ይህን አይቶ አይሳሳትም። በእነሱ ጊዜ ደብዳቤው በ«ጉዳዩ» ተጀምሮ፣ በ«ከሠላምታ ጋር» ተዘግቶ፣ ከማኅተሙ ሥር «ግልባጭ» የሚል ዝርዝር ይከተለው ነበር፤ ለሥራ አስኪያጅ፣ ለአስተዳደር፣ ለኦዲት። ደብዳቤው የተጻፈው ከላይ ስሙ ላለው ሰው ሳይሆን ለግልባጮቹ መሆኑን ተላላኪው ሳይቀር ያውቃል። ሲሲም ያው ክስ ነው፤ የጎደለው ማኅተሙ ብቻ ነው።

ቢሯችን ጎፋ ማዞሪያ አካባቢ ነው። ከዚያ እስከ ሳሪስ፣ ከመካኒሳ እስከ ለቡና ጀሞ በየፎቁ ላይ ቢያንስ አንድ «ዲር ኦል» የሚል ሰው እንደማይጠፋ እወራረዳለሁ። ታች መንገድ ላይ ደግሞ በየመብራት ምሰሶው፣ ከ«የሚከራይ ኮንዶሚኒየም» ጎን፣ «ስፖክን ኢንግሊሽ በአጭር ጊዜ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። ሰው አይፈረድበትም፤ የሥራ ማስታወቂያው እንግሊዝኛ ይጠይቃል። አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይተን ቆመን ያነበብን ሰዎች ቃሉን በልባችን እናውቀዋለን፤ ዛሬ በቴሌግራም ቢመጣም አልተለወጠም። «እንግሊዝኛ የመናገርና የመጻፍ በጣም ጥሩ ችሎታ ያለው/ያላት።» ለሽያጭ ሠራተኛ ይሁን እሺ። ይህን ለሹፌር ሲጠይቁ ግን በዓይኔ አይቻለሁ። ከመካኒሳ ጀሞ ዕቃ የሚያመላልስ ሰው በእንግሊዝኛ የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ከትራፊክ ፖሊሱ ጋር ነው ከረዳቱ? ከመኪናዋ ጋር እንዳይባል እሷ የምታውቀው ጣልያንኛ ብቻ ነው፤ ፍሬኗም፣ ካምቢዮዋም፣ ካንዴላዋም ጣልያኖች ናቸው። ጎማዋ ቢተነፍስ የምትሄደውም ጎሚስታ ጋ ነው።

ጥፋተኛ መፈለግ ደስ ይለኛል፤ ፈልጌም አግኝቻለሁ። ፕላዝማ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ የነበረ ሰው ወዲያው ገብቶታል፤ ላልነበረው ላስረዳ። በዚያ ዓመት በየክፍሉ ፊት ለፊት፣ ሳጥን ውስጥ ተቆልፎ የሚያድር ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን መጣ። ትምህርቱ ደቡብ አፍሪካ ተቀርጾ፣ በሳተላይት ተልኮ፣ ጎፋም ጎንደርም እኩል ይደርሳል። ሒሳቡም፣ ፊዚክሱም፣ ባዮሎጂውም በእንግሊዝኛ። የእኛው መምህር ቁልፉን ይከፍታል፣ ቴሌቪዥኑን ያበራል፣ ጥግ ይይዛል። ስንት ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ሰው ሪሞት ያዥ ሆኖ ቁጭ! ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር ደግሞ ትንፋሽ የለውም። ሙዚቃው ያልቃል፣ «ዌልካም» ይላል፣ እኛ ርእሱን ጽፈን ሳንጨርስ እሱ ሦስተኛው ምሳሌ ላይ ደርሷል። ከዚያ ይጠይቃል። መጠየቅ ይወዳል። «ናው፣ ትራይ ዚስ» ይልና ይጠብቃል። ክፍሉ ጸጥ ይላል። የኋላ ወንበር ላይ አንዱ ያስነጥሳል። ጊዜው ሲሞላ መምህሩ ፈገግ ብሎ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል።

ማንም አልመለሰም እኮ! ቢመልስም አይሰማም። መብራት ሲጠፋ እንኳ አይጠብቀንም፤ ሲመጣ ማጠቃለያው ላይ እናገኘዋለን፣ ያው ደስ እንዳለው። «አልገባኝም» ለማለት የሚሰማ ጆሮ ያስፈልጋል፤ ጆሮ ደግሞ ጆሃንስበርግ ቀርቷል። ስለዚህ ዝም ብሎ መጠበቅን ተማርን። እንግሊዝኛ ማለት አንዱ ብቻውን የሚናገርበት፣ ሌላው አንገቱን የሚነቀንቅበት፣ በመጨረሻ ሁሉም የሚመሰገንበት ነገር ሆነ።

ከእኛ በፊት የነበሩት በዚህ ይሻሉ ነበር። በ1955 ዓ.ም. መጀመሪያ ፒስኮር የምንላቸው ወጣት አሜሪካውያን በመቶዎች ሆነው መጥተው በየጠቅላይ ግዛቱ ሲያስተምሩ፣ ሌላው ቢቀር ሰውዬው ክፍል ውስጥ ነበር። ሲጠይቁት ይመልሳል፣ ሲስቁበት ይቀላል፣ ማታ ደግሞ መንገድ ላይ ያገኙታል። ከዚያ በፊትማ ጭራሽ ወግ የነበረው ፈረንሳይኛ ነው። በ1900ዎቹ መጀመሪያ በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤትም፣ በባቡሩም፣ በፖስታውም የሠለጠነ ሰው በፈረንሳይኛ ይንጠባረር ነበር። በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ሲወጣ እንግሊዞች ገቡ፤ ቋንቋቸውም አብሮ ገባ። እና በ1920ዎቹ ለገሃር አካባቢ አንድ ጸሐፊ ከጎኑ ለሚቀመጠው ጸሐፊ ደኅንነቱን በፈረንሳይኛ ሳይመኝለት አልቀረም ብዬ እጠረጥራለሁ። ፍርፍርም አብረው በልተው ይሆናል።

የፕላዝማው ሰውዬ ደግሞ ጠፍቶ አልቀረም፤ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ መጥቷል። ስብሰባ ላይ ገለጻውን ይጨርስና «ኤኒ ኩዌስሽን?» ይላል። ዝም። አንዱ እስክሪብቶውን ቀጭ ቀጭ ያደርጋል። ጊዜው ሲሞላ «ኤክሰለንት!» እንባላለን። ከዚያ ኮሪደሩ ላይ እውነተኛው ስብሰባ በአማርኛ ይጀመራል፤ «ምን ነበር ያለው?»

ዋጋውን የምንከፍለው ቀስ እያልን ነው። «ሚቲንግ አት ስሪ» የሚል ኢሜይል ይደርሰናል። ግማሹ ሰው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ይደረደራል፣ ግማሹ ከምሳ በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይመጣል። የትኛው ሦስት ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሁሉም «ኖትድ ዊዝ ታንክስ» ብሎ መልሷል። የ«የስ» ጣጣም አለ። የውጭ ደንበኛ ይደውልና ዕቃውን አልላካችሁትም እንዴ ብሎ ይጠይቃል። የእኛ ልጅ በአማርኛ ሕግ «የስ» ይላል፤ አዎ፣ አልላክነውም ማለቱ ነው። ደንበኛው ተልኳል ብሎ አመስግኖ ይዘጋል። ሌላዋ ባልደረባችን ደግሞ ስልክ ስታዳምጥ እንደ አገሯ ደንብ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረገች «አዎ» ትላለች። ወዲያ ማዶ ያለው ሰው «ምን ሆንሽ? ደኅና ነሽ?» ብሎ ይደነግጣል። ይኼኛው እንኳ ከልቡ ነው የጠየቀው።

በየምሰሶው የተለጠፈው ኮርስ ይህን ያስተምር እንደሆነ እንጃ። እኔ ባስተምር ኖሮ የመጀመሪያውን ሳምንት ሙሉ «አልገባኝም፣ ድገምልኝ» ማለት ብቻ ነበር የማለማምደው። ሁለተኛውን ሳምንት «ጠዋት ነው ከሰዓት?»። ካይንድሊ ላይ የምንደርሰው ለምረቃ ነው።

እስከዚህ ድረስ ይሳቃል። የሚያበግነኝ ሌላ ነው። በሒሳብ ክፍላችን ያሉትን ትልቅ ሴት እትዬ እከሊት እንበላቸው። የመዝገብ ዘመን ሰው ናቸው፤ ኮምፒውተሩ የረሳውን ቫውቸር እሳቸው ከነቀለሙ ያስታውሳሉ። አንድ ክፍያ ሁለት ጊዜ ወጣና ስብሰባ ተጠራ። የውጭ እንግዳ ይገኛል ተብሎ ስብሰባው በእንግሊዝኛ እንዲሆን ተወሰነ። እንግዳው ቀረ፤ እንግሊዝኛው ግን አልቀረም። ጠረጴዛው ዙሪያ አፉን በአማርኛ የፈታ አለ፣ በኦሮምኛ የፈታ አለ፣ በጉራጊኛ የፈታ አለ፤ ሁላችንም የምንግባባው ግን ጠዋት ፍርፍሩን ባዘዝንበት ቋንቋ ነው። እትዬ እከሊት እጃቸውን አነሡ። «ዘ ቫውቸር…» ብለው ጀመሩና ቀጣዩ ቃል ጠፋባቸው። ከልጆቹ አንዱ ወደ ስልኩ አጎንብሶ ፈገግ አለ። «ሶሪ» ብለው ተቀመጡ። ስብሰባው ሁለት ሰዓት ፈጅቶ፣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ «አክሽን ፖይንት» አውጥቶ ተበተነ። ደረጃውን ስንወርድ እትዬ እከሊት ስህተቱ የት እንዳለ በሁለት ዓረፍተ ነገር ነገሩኝ።

ይኼ ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? ነጋሪት ጋዜጣ በ1934 ዓ.ም. ሲጀመር አንስቶ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን ያትማል። ሕገ መንግሥቱም በእንግሊዝኛ አለ፤ ግን አንቀጽ 106 የመጨረሻው ሕጋዊ እውቅና ያለው የአማርኛው ቅጂ ነው ብሎ ቁርጡን ተናግሯል። አገር እንኳ ሁለቱ ሲጋጩ የቱን እንደሚይዝ ያውቃል። እኛ ነገሩን የሚያውቁትን እናት አስቀምጠን፣ ቋንቋውን የሚያውቀውን ልጅ እናዳምጣለን። በፈገግታው የተቀጣው አላዋቂነት አይደለም፤ መናገር ነው። የሚገርመው፣ ያ ክፍያ ሁለተኛ ጊዜ የወጣው በጣም ጥሩ በሆነ እንግሊዝኛ ነው። ማዘዣውን አይቼዋለሁ፤ አንድ የሰዋስው ግድፈት የለበትም። ካይንድሊም ይላል።

ንዴቴ በረድ ሲል ግን እንግሊዝኛውን የሚመርጡትም ያሳዝኑኛል። አለቃችን በዕድሜ ከግማሹ ሠራተኛ ያንሳል። እትዬ እከሊትን «አንቺ» ብሎ ማዘዝ ነውር ነው፤ «እርስዎ» እያሉ መቆጣት ደግሞ ጉልበት ይጨርሳል። እኛም እሱን አንተ እንበለው እርስዎ ገና አልተስማማንም። «ዩ» ሁላችንንም ገላግላናለች። ሽማግሌ ሳይላክ፣ ማንም ሳይዋረድ፣ ሥራው ይታዘዛል።

ደግሞ እንግሊዝኛ አምሮበት ሲሠራም ታይቷል። በ2009 ዓ.ም. መስከረም ላይ የተመረቀው የጅቡቲ ባቡር መሥመር እዚህ እኛው ጋ፣ ለቡ በኩል ሲዘረጋ፣ የሰፈራችን ልጆች ከቻይናዎቹ ጋር ይውሉ ነበር። ፎርማኑ ጥቂት ቃል አለው፣ ልጆቹም ጥቂት ቃል አላቸው፣ የሁለቱ ጥቂት ግን አንድ ዓይነት አይደለም። «ዩ! ዚስ! ሂር! ቶሎ ቶሎ!» ያልገባው «ዋት?» ይላል። ፎርማኑ በእጁ ያሳያል። አሁንም ካልገባው አሸዋው ላይ ይስልለታል። ማንም የማንንም ደኅንነት ተስፋ አላደረገም፤ ሐዲዱ ግን ጅቡቲ ደርሷል።

ሰፈር ካነሣሁ አይቀር፣ ከእኛ በታች ባለው ቤት የሰባት ዓመት ልጅ አለች። እንግሊዝኛዋን ከዩቲዩብ ካርቱን ስለተማረች «ሲሪየስሊ?» ስትል ቺካጎ ያደገች ነው የምትመስለው። አያቷ ደግሞ ከመንዝ የመጡ ናቸው። ልጅቷ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ አያቷ በአማርኛ ይመልሳሉ። አያቷ በአማርኛ ይቆጣሉ፣ ልጅቷ በእንግሊዝኛ ታኮርፋለች። ያለ አስተርጓሚ ተጣልተው ያለ አስተርጓሚ ይታረቃሉ። እሜቴ እስካሁን የያዙት «ኖ» የምትለዋን ብቻ ነው፤ ለደላላውም፣ ለቆራሌውም፣ ከረሜላ ለምትጠይቀው ልጅም በቅታለች።

እኚህ ሴት ምክር ያውቃሉ ብዬ የደመወዝ ጭማሪ ልጠይቅ ማሰቤን አጫወትኳቸው። የቸገረኝ ቋንቋው ነው። በእንግሊዝኛ ብጽፍ «ኖትድ ዊዝ ታንክስ» እባላለሁ፤ በአማርኛ ብናገር «እናየዋለን»። ሁለቱም ስንት ዓመት እንደሚፈጅ የታወቀ ነው። እሜቴ ረጋ ብለው ሰሙኝና፣ «መጻፉ ምን ያደርግልሃል ልጄ፣ ደጅ ጥና እንጂ» አሉኝ። ነገሩ ሳይገባኝ አልቀረም። ግን የአለቃችን ክፍል አራቱም ግድግዳ መስታወት ነው፤ ደጁ በየት በኩል እንደሆነ ገና አልለየሁም።