ጉዳዩ፦ ጅማዬ እንድትመለስልኝ ስለመጠየቅ

ለአንድ የአዲስ አበባ ኤፍ ኤም ጣቢያ፣
ለእሁድ ከሰዓት የሙዚቃ ጥያቄና መልስ ፕሮግራም ክፍል፣
ባላችሁበት

ክቡራን ሆይ፣

የጣቢያችሁን ስም ያልጻፍኩት ረስቼው አይደለም። የዛሬ ሦስት ሳምንት እሁድ የእኔን ስም ሦስት ጊዜ ነግሬያችሁ አንድም ጊዜ በትክክል ስላልጠራችሁት፣ ሒሳባችን በዚሁ ይወራረድ ብዬ ነው።

እኔ በጋምቤላ ክልል፣ በአኙዋክ ዞን፣ በጎግ ወረዳ፣ ፑኝዶ ከተማ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። የሙዚቃ ባለሙያ አይደለሁም። ዘፈን የምከፍተው ደንበኛ ራሱን ለመቀስ ሰጥቶ በዝምታ ሲቀመጥ ስለሚጨንቀው ነው። ሆኖም ቀኑን ሙሉ ሲዘፈን እየዋለ አስተያየት የማያበቅል ጆሮ የለምና፣ እኔም ጥቂት አስተያየቶች አሉኝ። ለምሳሌ ክሊፕ ላይ መኪናው ከዘፋኙ በላይ ከታየ ዘፈኑ የመኪናው ነው እላለሁ። አልበም ባወጣ ሰው ፊት የሚቀርበው ጋዜጠኛ «ምን አዲስ ነገር እንጠብቅ?» ይላል፤ ዘፋኙ «ብዙ አዳዲስ ነገሮች አሉ» ይላል፤ ሁለቱም ተመሰጋግነው ይለያያሉ። እኛ አዲሱ ነገር ምን እንደሆነ ሳናውቅ ፂማችን ተላጭቶ ያልቃል። አንድ ደንበኛ ደግሞ አለኝ፤ ዘፋኙ ስለ ልጅቷ ዓይን ባዜመ ቁጥር «ሰሙን ተወው፣ ወርቁ ፓርላማው ነው» እያለ ራሱን ስለሚነቀንቅ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ልቆርጠው ነበር።

ይህን ሁሉ የማወራው የእናንተ አድማጭ መሆኔን ለማስረዳት ነው። ሞገዳችሁ ጎግ አይደርስም። የምንሰማችሁ በኢንተርኔት ነው፤ የአንዱን ደንበኛ ስልክ ከጥቁሩ ስፒከር ጋር አገናኝተን፣ ዳታውን በየተራ እየሞላን። እንግዲህ ገንዘብ አዋጥቶ የሚሰማችሁ ሕዝብ ቦሌ ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

ወደ ጉዳዬ ልግባ።

በዚያ እሁድ ከሰባት ሰዓት ጀምሮ ደወልኩላችሁ። ስትያዙ ዘጋሁ፣ ስትዘጉ ደወልኩ። የጎግን ኔትወርክ ለማታውቁት፦ ከቤት ውስጥ አይሠራም፤ ከፀጉር ቤቴ በር ሃያ እርምጃ ርቆ ካለው ማንጎ ዛፍ ሥር ግን፣ ፊትን ወደ መንገዱ አዙሮ ለቆመ ሰው ሁለት መስመር ይሰጣል። በአርባ አንደኛው ሙከራ ተነሳ። ልቤ እንዴት እንደመታ! ቤት ውስጥ ስምንት ሰው አለ፤ ከነሱም አንዱ በስተቀኝ በኩል ብቻ ተላጭቶ፣ በስተግራ ሳሙናውን እንደያዘ ይጠብቀኛል። እናቴ ደፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ሃሎ! ማን ልበል?» አላችሁኝ። ነገርኳችሁ። «ማን?» ደገምኩት። «ኧረ ቀስ በልልኝ ወንድሜ!» በየፊደሉ ቆጥሬ ሰጠኋችሁ። «እሺ ተወው፣ ከየት ነው የደወልከው?»

«ከጎግ።»

«ከጎግል?»

«ከጎግ። ጋምቤላ።»

«ጎግ ማጎግ!» አለ አዘጋጃችሁ፤ አብራው ያለችው እህታችንም እንደ ጠርሙስ ክዳን ፈነዳች። «ምፅአት ደረሰ እንዴ? ሰማህ ወዳጄ፣ ሬዲዮህን ቀንስልኝማ።» እኔ ሬዲዮ አጠገብ አልነበርኩም፤ ማንጎ አጠገብ ነበርኩ። ቢሆንም ለአክብሮታችሁ ስል ወደ ቤቱ ዞሬ «ቀንሱት!» ብዬ ጮህኩ። «አማርኛህ ግን ጎበዝ ነህ!» አለኝ አዘጋጁ። «እዛ ምን ትሰማላችሁ? ከበሮ ከበሮውን ነው አይደል?» አመሰግናለሁ አልኩ። እግዜር ያሳያችሁ፣ አመሰገንኩ!

ከዚያ ጥያቄው መጣ። የኢትዮ ጃዝ አባት ሙላቱ አስታጥቄ የተወለዱት የት ነው?

ክቡራን ሆይ፣ ይህን አውቃለሁ። በእንቅልፌም አውቃለሁ። «ጅማ» አልኩ።

«ጋምቤላ?!» አለ አዘጋጁ። «አይ የኔ ወንድም! አገር መውደድ ጥሩ ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ጋምቤላ አይወለድም እኮ!» እህታችን ድጋሚ ፈነዳች። «ጅማ ነው ያልኩት፣ ጅ…» ስል አንዱ ቁልፍ ተጫነና ዶሮ ጮኸ። ያችን የተሳሳተ ሰው የምታሰናብቱባትን ዶሮ ማለቴ ነው። ቀጥሎ ስልኩ ጢጥ ጢጥ አለ።

ጅማ ሁለት ፊደል ናት፤ ጋምቤላ አራት። ኔትወርክ ድምፅ ሲቆርጥ አይቻለሁ፤ ፊደል ሲያባዛ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ደብዳቤ አልጽፍም ነበር። ኢንተርኔቱ ግን የእናንተን ድምፅ እኛ ዘንድ ለማድረስ አርባ ሴኮንድ ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ እኔ ውርደቴን ጨርሼ፣ ስልኬን ኪሴ ከትቼ፣ ሃያውን እርምጃ ተራምጄ በሩ ላይ ስደርስ ስፒከሩ ገና «እሺ ተወው፣ ከየት ነው የደወልከው?» እያለ ነበር። ወደ ውስጥ አልገባሁ፣ አልተመለስኩ፣ ደፉ ላይ ቆሜ ራሴን ሰማሁት። ጎግልን ሰማሁ። ማጎግን ሰማሁ። «አመሰግናለሁ» ስል ሰማሁ። ሰው አንድን ስድብ አንድ ጊዜ ሲሰማ ያመዋል፤ ቀጥሎ ምን እንደሚባል እያወቀ፣ ስምንት ሰው ዓይን ዓይኑን እያየው ሲሰማው ግን… ዶሮዋ ስትጮኽ ባለ ግማሹ ፂም ብቻ ሳቀ፤ ሲያየኝ ደግሞ ሳቁን ሳሙናው ውስጥ ቀበረ።

ወዲያው ሌላ ደዋይ አስገባችሁ። ከቦሌ ነው። ስሙን በአንዴ ያዛችሁት፤ «ሰላም ነው የሰፈሬ ልጅ?» አላችሁት። «እእእ… ጅማ መሰለኝ» አለ። መሰለኝ! «ትክክል!!!» ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ ሁለት የኮንሰርት መግቢያ። ልብ በሉልኝ፣ እኔ «መሰለኝ» አላልኩም።

ትኬቱን ባገኘው ኖሮ ምን ላደርገው እንደነበር አላውቅም። ከዚህ እስከ ጋምቤላ ከተማ፣ በአቦቦ በኩል፣ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ ከ700 በላይ። «ቢሯችን መጥታችሁ ውሰዱ» ስትሉ ቢሯችሁ የጎግ ሰው ከአንድ ቀን በላይ የሚጓዝለት ቅዱስ ቦታ መሆኑን የምታውቁ አልመሰለኝም።

እናቴ አማርኛ ብዙ አትሰማም። ከስፒከሩ የሰማችው የልጇን ድምፅና የሁለት አዲስ አበቤዎችን ሳቅ ነው። ምን ብለህ ነው እንዲህ ያሳቅካቸው አለችኝ በአኙዋክኛ። ቀልድ ነገርኳቸው አልኳት። በማግሥቱ ውሃ ስትቀዳ ለጎረቤት ሁሉ ልጇ አዲስ አበባን እንዳሳቀ አወራች። ሰዎቹም እሺ አሏት። ምን ይበሏት?

እዚህ ላይ ብዕሬ ስሜን ጽፎ ሊቀመጥ ይፈልጋል፤ እኔ ግን አልጨረስኩም። አማርኛህ ጎበዝ ነህ አላችሁኝ። እኔ አማርኛን ትምህርት ቤት ተማርኩት፤ የጎደለውን ደንበኞቼ ሞሉልኝ፤ የቀረውን ከእናንተው ከዘፈናችሁ ለቀምኩት። እናንተስ በአኙዋክኛ ሰው ሰላም ማለት ትችላላችሁ? አንዲት ቃል አላችሁ? አታፍሩም? ደሞዝ የሚከፈላችሁ ለመስማት አይደለም ወይ? ጆሮ የሌለው ሰው ሬዲዮ ምን ያደርግለታል!

ይቅርታ። ወደ አክብሮቱ ልመለስ።

ስለ ሙላቱ ትንሽ ልበል፤ የተባረርኩት በእሳቸው ስለሆነ መብት ያለኝ ይመስለኛል። ሙላቱ በ1936 ዓ.ም. ጅማ ተወለዱ። ቤተሰብ ምህንድስና ብሎ ዌልስ ላካቸው፤ እሳቸው ሙዚቃ ይዘው ወጡ። ለንደን ተማሩ፣ ቦስተን በርክሊ ገቡ፣ ኒውዮርክ ላይ ሸክላ አስቀረጹ፣ ተመልሰውም ቪብራፎናቸውን ከእኛ ቅኝት ጋር አጋቡት። ዓመታት አለፉና አንድ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ «ኢትዮፒክስ» ብሎ በሲዲ ሲያወጣ አራተኛውን ቁጥር ለእሳቸው ሰጠ። በ1997 ዓ.ም. ደግሞ ጂም ጃርሙሽ የተባለ አሜሪካዊ ሙዚቃቸውን «ብሮክን ፍላወርስ» በሚል ፊልሙ አሰማ። ያኔ ነው መዝናኛው ሁሉ በአንድ አፍ «የኢትዮ ጃዝ አባት» ማለት የተያያዘው። እኔ በፀጉር አስተካካይ ዕውቀቴ የገባኝ፣ ሰውዬው በጅማ መስመር በቀጥታ ደውለውላችሁ ቢሆን ኖሮ ዶሮ ትለቁባቸው እንደነበር ነው። በፓሪስ በኩል ሲደውሉ ግን መስመሩ ጥርት አለ።

የባሰው ደግሞ ይኼ ነው። እኚሁ ሙላቱ በየመድረኩ የሚያነሱት አንድ ነገር አለ፦ በደቡብ ያሉት የደራሼ ሰዎች በቀርከሃቸው የሚነፉት ስልት፣ የፈረንጅ ሊቃውንት «ዲሚኒሽድ» የሚሉት፣ ከታላላቆቹ የጃዝ ሰዎች በፊት የነበረ ነው ይላሉ። ዕውቀቱን ገጠር ሄደው የሚፈልጉት እሳቸው ናቸው። እናንተ ደግሞ በእሳቸው ስም ጥያቄ ጠይቃችሁ ገጠሩን ታባርራላችሁ። ከበሮ ከበሮውን ነው አይደል? አይደለም፣ ወዳጄ። ቶም አለን። ከእንጨት ሣጥን ላይ የብረት ምላሶች ተደርድረው በሁለት አውራ ጣት የሚመቱ፣ ማታ ሲመታ ሰው ወሬውን የሚያቋርጥለት። አያቴ ሲመታው ግራ አውራ ጣቱ ከቀኙ ትንሽ ቀደም ትል ነበር፤ ሆን ብሎ ይሁን እርጅና ይሁን ጠይቄው አላውቅም። እናንተ ጋ የሚሰማው ግን በዓመት አንዴ፣ ኅዳር 29 ነው፤ ለዚያውም አስተዋዋቂው እየተናገረበት። በ2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ጋምቤላ ከተማ ሲከበር ካሜራው ሁሉ መጥቶ ነበር። ኅዳር 30 ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ወሬያችንን ጎርፍ ሲመጣና ጠብ ሲነሳ ትነግሩናላችሁ፤ እሱን እዚህ አልዘረዝርም፣ እናንተም ሰዓት የላችሁ።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ትኬት አልፈልግም። በመጪው እሁድ፣ በዚያው ሰዓት፣ «ከጎግ የደወለው ሰው ጅማ ብሎ ነበር» ብላችሁ ተናገሩልኝ። ስሜን ካልቻላችሁት ተዉት። አርባ ሴኮንድ ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ እጠብቃለሁ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
ጎግ ማጎግ

ተጨማሪ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ሳልልከው ባለፈው እሁድ ደግሜ ደወልኩላችሁ። በአሥራ ሁለተኛው ተነሳ። አንድ አጭር የከተሜ ስም ሰጠኋችሁና «ከቦሌ» አልኩ። «ኦ፣ የሰፈሬ ልጅ!» አለ አዘጋጁ። ስለ ሬዲዮም ስለ አማርኛም ያነሳው ነገር የለም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው «ጥቁር ሰው» የማን አልበም ነው ብሎ ጠየቀኝ። የጎግ ሕፃን የሚያውቀውን! እኔም ሆን ብዬ «የአስቴር አወቀ» አልኩ። «ተቃርበሃል!» አለኝ። ተቃርቤአለሁ! «በቴ ነው የሚጀምረው… ቴ… ዲ… አ…» «ቴዲ አፍሮ?» «ትክክል!!!» ጭብጨባው ወረደ። ሁለት መግቢያ ደረሰኝ።

ልዘጋ ስል ከማንጎው ሥር የጎረቤቴ አውራ ዶሮ አንገቱን ሰግጎ ጮኸ። «ቦሌም ዶሮ ይረባል እንዴ?» አለ አዘጋጁ እየሳቀ። እኔም «አይ፣ የናንተው ናት» አልኩት።