ጥይት፣ ቢላዋና የውሰት ፈረስ

ቨርጂኒያ የሚኖር የአጎቴ ልጅ አለኝ፤ አዳኝ ነው። አዳኝ ስላችሁ ጎፈር ደፍቶ የሚፎክር እንዳይመስላችሁ። ፈቃድ ያወጣል፣ ኅዳር ሲገባ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሶ ዛፍ ላይ ይቀመጣል፣ የሰው ጓሮ አበባ ሲግጥ የከረመ የፈረንጅ አጋዘን ሲመጣለት ይተኩሳል። ሥጋውን ፍሪዘር ሞልቶ እስከ ዐቢይ ጾም ዋዜማ ይበላል። ይኸው ሰው እዚህ ሳለ ለበዓል ዶሮ ያዝ ሲባል ጎረቤት የሚጠራ ነበር።

አገር ሰላም በነበረበት አንድ ጥር፣ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞችን በዓል ለማየት መጣና አብረን ወደ እንጅባራ ተጓዝን። በዓሉ ጥር 23 ነው፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ተመሥርቶ ዓድዋ የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ሲያስብ የኖረ ነው። እሱ ራሱን የቻለ ወግ ይወጣዋል። እኔ የማወራው ስንመለስ ጥሊሊ ላይ የደረሰብኝን ነው። ጥሊሊ የእናቴ አጎት አሉ፤ አባባ እንላቸዋለን። መንገዳችን ላይ ናቸውና ሳያድሩ ማለፍ ዕድሜ ልክ የሚያስወቅስ ነው።

ከእራት በኋላ ጠላው ሲደገም የአጎቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ የጠመንጃውን ፎቶ አሳየ። ጥይቷ .243 የሚሏት ናት፤ የእርሳሷ ውፍረት 6.2 ሚሊ ሜትር ነው። አባባ ስልኩን አራቁት፣ አቀረቡት፣ መልሰው አራቁት። ከዚያ ባለቤታቸውን እማማን አስነሥተው ከሙዳይ ውስጥ አንድ ቀለህ አስመጡ። የውጅግራ ቀለህ ነው፤ ከዕድሜ ብዛት ናሱ ጠቁሯል፣ አፉ በጨርቅ ተወትፏል፣ እማማ መርፌ ያኖሩበታል። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ እርሳሱ ብቻውን 25 ግራም ይመዝን ነበር። አባባ ቀለሁን ከስልኩ አጠገብ ገተሩት።

«ጥይት ይኼ ነው። ያንተማ የማበጠሪያ ጥርስ ነው» አሉት።

«አባባ፣ እኛ ዘንድ እኮ ሕግ አለው» አለ። እውነቱን ነው። በቨርጂኒያ ከ.23 ኢንች በታች የሆነ ጥይት ለአጋዘን ክልክል ነው፤ ያቺ ስሟ የገነነው .223 እንኳ ለጥቂት ትወድቃለች። እንስሳው ቆስሎ እየተንፏቀቀ ጫካ ገብቶ እንዳይሰቃይ ተብሎ ነው።

አባባ ግን ከሕጉ ይልቅ የአባታቸውን ቃል ነው የሚያምኑት። አባታቸው በጣሊያን ጊዜ በረሓ ወርደው ነበር፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጠመንጃም ከጣሊያን የተማረከ ነው፤ 6.5 ሚሊ ሜትር። «ይበሳል እንጂ አይጥልም ይሉ ነበር» አሉ። እዚህ ላይ እኔም ጣልቃ ገባሁ፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ይህንኑ ሲያማርሩ ነበርና። ረጅሟ፣ አፍንጫ ድቡልቡሏ ጥይት ሰውነት ውስጥ ሳትገለበጥ ቀጥ ብላ ታልፍ ነበር። ኢትዮጵያ ላይ ከዘመቱ በኋላ በ1938 እ.ኤ.አ. ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ለመሻገር ወሰኑ፤ ወዲያው የዓለም ጦርነት መጣና ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረቡ ሲከብዳቸው ወደ 6.5ቱ ተመለሱ። አባባ ይህን ሲሰሙ ለመጀመሪያ ጊዜ ትምህርት ቤት እንደ ሄደ ሰው አዩኝ።

«ስዊድኖች እኮ በዚያው በ6.5 ከመቶ ዓመት በላይ ፈረስ የሚያህል ቀንዳም ሲጥሉ ኖረዋል» አለ የአጎቴ ልጅ። ቀጠለና ያን ቤል የሚሉትን ስኮትላንዳዊ አመጣ። ቤል ከእኛው ከጋምቤላ የጊሎ ወንዝ ሳይቀር ደርሶ ያደነ ሰው ነው፤ ከ1,000 በላይ ዝሆን ሲገድል አብዛኛውን የጣለው በ7 ሚሊ ሜትር ጥይት ነው። የዝሆን ራስ በመጋዝ ለሁለት ሰንጥቆ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ ያጠና ሰው ቢሆን ነው እንዲህ የቀለለው።

«ዝሆን መሰንጠቂያ መጋዝ የለንም» አሉ አባባ።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ክርክሩ ውፍረት ላይ መቆሙ ነው ችግሩ። የጦር ሜዳ ጥይት እርሳሱ ዙሪያውን በብረት የተለበጠ ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ሄግ ላይ የተሰበሰቡት መንግሥታት ሥጋ ውስጥ ገብቶ የሚሰፋ ጥይት ለጦርነት እንዳይውል ተስማምተዋል። ለአደን የሚፈለገው ደግሞ ያው የተከለከለው ነው፤ ገብቶ የሚሰፋው፣ ቶሎ የሚጥለው። ለዚህ ነው የስዊድኑ 6.5 የሚጥለው፣ የጣሊያኑ 6.5 በስቶ የሚያልፈው። ክላሽ 7.62 ነው፤ ከአጎቴ ልጅ ጥይት ይወፍራል። ጉልበቱ ግን ከአፈሙዙ ሲወጣ ወደ 2,000 ጁል ነው፤ የቀጭኗ .243 ወደ 2,600 ይደርሳል። በዚያ ላይ እኛ አገር የሚገኘው የክላሽ ጥይት የጦር ሜዳው ነው። እንግዲህ ክላሽ ይዞ ድኩላ ላይ የሚያርከፈክፈውን ሰው አዳኝ ማለት ይከብደኛል። ብዙውን ጊዜ 200 ጁል እንኳ የማትሞላውን .22 ይዞ የሚሞክረውንማ ተዉት፤ እሷ የጅግራና የጥንቸል ናት።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ አባባ ጠላቸውን ጠጡና ሌላ ነገር ጠየቁ።

«ወደቀ እንበል። ነፍሱ ሳትወጣ ትደርስበታለህ?»

የአጎቴ ልጅ ዝም አለ። የሚያውቀው ተቃራኒውን ነው፤ እዚያ ጥሩ አዳኝ የሚባለው እንስሳውን በቆመበት ክው ያደረገ ነው። አባባ ጋ ግን በቆመበት ክው ያለ ድኩላ በክት ነው። በስመ አብ ተብሎ፣ ሕይወት እያለው ካልታረደ ማንም አይቀምሰውም፤ ለውሻ ነው። ስለዚህ የእሳቸው ጥይት ድኩላውን መጣል አለበት፣ ግን ለቢላዋው ትንሽ ነፍስ መተው አለበት፤ ቆስሎ ካመለጠ ደግሞ ግፍ ነው፣ ሥጋውም የጅብ ነው። በወጣትነታቸው ከውሻ ጋር፣ ከሃያ እርምጃ ነበር የሚተኩሱት። ቢላዋ የያዘው ልጅ ከተኳሹ ፊት ተደፍቶ ይጠብቃል፤ ተኩሱ እንደተሰማ የሚሮጠው እሱ ነው።

«ከ150 ሜትርም ቢሆን ሮጬ እደርሳለሁ» አለ የቨርጂኒያው ሰው።

እማማ ሆዱን አይተው ሳቁ። ውርርድ ሆነ።

ጠመንጃ አልያዝንም። ያለ ፈቃድ ማደን በአዋጅ ቁጥር 541/1999 የተከለከለ ነው፤ አዋጁ ባይኖርም ድኩላው የሚውለው ቤተ ክርስቲያን ደን ዳር ነውና አባባ አይሞክሩትም። ነገሩ ልኬት ብቻ ነው፤ ድኩላውን ከሩቅ አይቶ፣ በመነጽር ርቀቱን ለክቶ፣ ከዚያ መሮጥ። የአጎቴ ልጅ ርቀት የሚለካ መነጽር ሻንጣው ውስጥ ነበረው። እኔ ቁርጭምጭሚቴ በዓሉ ላይ ተጠምዝዞ ስለነበር ጎረቤት ፈረስ አዋሱኝ። ገር ነው አሉኝ። ጉግስ ላይ ገር ነው ማለታቸው መሆኑን ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ጎህ ሲቀድ ደኑ ጫፍ ደረስን። ብርዱ አጥንት ይገባል፤ የታጨደው የገብስ ማሳ ውርጭ ለብሷል። አባባ በምርኩዛቸው ወደ ማዶ ጠቆሙ፤ ሴቷ ቁጥቋጦ ሥር ትግጣለች። የአጎቴ ልጅ መነጽሩን አንሥቶ «148» አለ፤ ጫማውን ማጥበቅ ጀመረ። ማናችንም ያላየነው፣ ወንዱ ከእኔ ፈረስ አፍንጫ ሥር ያለው ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ነበር። ድኩላ እንዲህ ነው፤ እስክትረግጠው ድረስ ይተኛል፣ ከዚያ እንደ ውሻ ጮሆ ይፈነጠራል።

ጮኸ። ፈረሱም ጉግስ ተጀመረ መሰለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በሙሉ አላስታውስም። ጋማውን ይዣለሁ፤ አንዱ እርካብ አምልጦኛል። ከፊቴ ድኩላው ይሮጣል፣ ፈረሱ ይከተለዋል። ለጥቂት ቅጽበት ጎን ለጎን ሆንን፤ እጄን ብዘረጋ ጀርባውን እነካው ነበር። ቡናማ ቆዳው በላብ ሳይሆን በጤዛ ረጥቧል፣ ታፋው ላይ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉት፣ አንደኛው ጆሮው ጫፉ ተቀዷል። ዓይኑ ወደ እኔ ነው። ከዚያ እሱ ወደ ደኑ ታጠፈ፤ ፈረሱ ደግሞ በመስኖ የለማ የሰው ድንች ማሳ ውስጥ ቦይ ሲያጋጥመው ቀጥ ብሎ ቆመ። እኔ አልቆምኩም።

ጭቃ ውስጥ ተቀምጬ ሳለሁ የማሳው ባለቤት መጡ፤ ስለ ድንቹ ተናደዱ፣ አባባን ሲያዩ ንዴታቸው በረደ። በአገውኛ ረጅም ነገር ተነጋገሩና ሁለቱም ሳቁ፤ ሊተረጉምልኝ የፈቀደ የለም። የአጎቴ ልጅ ማሳው መሀል ወገቡን ይዞ ቆሟል፤ ሴቷ ከሄደች ቆይታለች።

«ከሁላችን የደረሰበት ይኼ ነው» አሉ አባባ በምርኩዛቸው ወደ እኔ እያመለከቱ። «እሱም ቢላዋ የለው።»

ዓመቱ አልፎ አዲሱ ኅዳር መጣ፤ ለኅዳር ጽዮን ጥሊሊ ሄጄ ሳለ ስልኬ ጠራ። የአጎቴ ልጅ ነው፤ ድምፁ ከደስታ ብዛት ይቆራረጣል። ለአባባ ሰጠኋቸው፤ ድምፁን ከፍ አደረግኩላቸው።

«ጣልኩት አባባ! ዘጠና ሜትር! አንድ እርምጃ አልተራመደም!»

«ደረስክበት?»

«ምን መድረስ ያስፈልጋል፣ እዚያው ነው የቀረው።»

«ሕይወት ነበረው ወይ ነው የምልህ።»

«አባባ… ኔትወርኩ… አይሰማም…»

አባባ ስልኩን መለሱልኝና «ኔትወርኩ ደህና ነው» አሉኝ።