ባሽመሃንዲሱ የጠየቁት

ወዳጄ፣ ነገሩ የሆነው ካርቱም፣ አል-ጣኢፍ ሰፈር ነው፤ በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ከመፈንዳቱ በፊት። የእህቴ ልጅ ከባሕር ዳር የላከልኝን ጥናት አሳትሜ ለአንድ ሱዳናዊ የውኃ መሐንዲስ («ባሽመሃንዲስ» ነው የምንላቸው) ላደርስ ወጣሁ። ከጣና ዙሪያ ዝናብ ምን ያህሉ ዓባይ እንደሚገባ የሚያሰላ ጥናት ነው፤ የካርቱም ሰው ደግሞ የዓባይ ነገር አይሆንለትም። ግማሹ እንደታተመ መብራት ድርግም!

ምን ይደረጋል? ደጁ ላይ ጀበና የጣደች የአገሬ ልጅ አለች፤ ባሽመሃንዲሱን እዚያው ጠርቼ ዝንጅብል የገባበት የካርቱም ቡና ይዘን ተቀመጥን። እሳቸው ወረቀቱን ሲያገላብጡ ቆይተው «በምን አሰላው?» አሉኝ። ያልታተመውንም በስልኬ ከፍተን ብናይ፣ ብናይ፣ «በኮምፒውተር ተተንትኗል» ከሚል በቀር የለም። የተጠቀሱት መጻሕፍት ግን እስከነገጻቸው ተደርድረዋል።

ለእህቴ ልጅ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ስዋትና አር ናቸዋ! ይሄን ደግሞ ማን ይጽፋል?»

ማን ይጽፋል? የውኃ ፍሰት የሚያሰላው ስዋት (SWAT) የጄፍ አርኖልድና የባልደረቦቹ የዓመታት ልፋት ነው። የስታቲስቲክሱን ቋንቋ አርን (R) ኦክላንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮስ ኢሃካና ሮበርት ጀንትልማን ጀመሩት፤ ዛሬ የብዙ አገር ሰው ተጋግዞ በነፃ ይሰጠናል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ማለት ይሄ ነው። የተመራማሪ እንጀራ በስሙ መጠቀስ ላይ በቆመበት ዓለም ስማቸውን መዝለል የበሉበትን ወጪት መስበር ነው። ችግሩ የእኛ ብቻም አይደል፤ ሃዊሰንና ቡላርድ 90 የሥነ ሕይወት ጽሑፎችን መርምረው በ2016 እ.ኤ.አ. እንዳሳተሙት፣ ሶፍትዌር ከተነሣባቸው ቦታዎች በወጉ የተጠቀሰው ከ31 እስከ 43 በመቶው ብቻ ነው።

ባሽመሃንዲሱ ቀጠሉ፦ «ስንተኛው እትም?» ጥያቄው የዋዛ አልነበረም። በ2019 እ.ኤ.አ. በወጣው አር 3.6.0 የናሙና ዕጣ አወጣጡ ተቀይሯል፤ ያው ትእዛዝ በያው መነሻ ቁጥር እንኳ በአሮጌውና በአዲሱ የተለያየ ዕጣ ያወጣል። እትሙ ካልተጻፈ ሥራውን ማን ደግሞ ያረጋግጠዋል?

ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤ እኔም ቡና ጠጪው ሁሉ እያየኝ «አር ላይ ሳይቴሽን ብለህ ጻፍ! ባዶ ቅንፍ ጨምር!» እያልኩ ጮህኩ። ጻፈው። አር ራሱ የደራሲዎቹን መጠሪያ፣ ዓመቱንና አሳታሚውን የቪየናውን ተቋም ዘረዘረለት። መብራቱ ሳይመጣ መሸ፤ ወረቀቱም ግማሽ እንደሆነ ቀረ።

እናንተ ጥናት የምትጽፉ፣ ያሰላችሁበትን ሶፍትዌር ስም፣ ሠሪዎቹን፣ እትሙንና ዓመቱን ከመጻሕፍቱ ጎን አስፍሩ። አንድ መስመር ነው፤ አትንፈጓቸው።