ውሻዎ ባሕር ማዶ እንዳይሻገር ከፈለጉ

ጎጃም፣ ሉማሜ ላይ ቤቱን ዘግቶ ባሕር ማዶ ወዳሉት ልጆቹ ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ዛሬ ብርቅ አይደለም። ልጅ ሜልበርን አለች፤ ወንድም ቨርጂኒያ አለ፤ ፕሮሰሱ ተጀምሯል። ቤቱ ይከራያል፣ ላሚቱ ትሸጣለች፣ ዕቃው ለዘመድ ይከፋፈላል። ውሻውስ? አንዳንዱ «ለማንም አልሰጠውም፣ ይዤው እሄዳለሁ» ይላል። እንዲህ የሚል ሰው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ከዚያ ውሳኔ በኋላ የሚሠራው ሥራ ብዙ ጊዜ የኋላው ወደ ፊት እየሆነ ስለሚበላሽ፣ ምክሬንም ገልብጬ ጽፌዋለሁ። ውሻው ቦሌ ላይ እንዲቀር፣ ወይም ሰው አገር ደርሶ እንዲመለስ የሚያደርጉ መንገዶች እነሆ። የሚወዱት ከሆነ የእያንዳንዱን ተቃራኒ ያድርጉ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አይቸኩሉ። ቪዛው ፓስፖርት ላይ እስኪመታ፣ ትኬቱ እስኪቆረጥ፣ የሽኝቱ ጠላ እስኪጠመቅ ድረስ ስለ ውሻው አያስቡ። በመጨረሻው ሳምንት ወደ እንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱትና «ዛሬ ክተቡልኝ፣ እሑድ በራሪ ነኝ» ይበሉ። ይህ አንዱ ብቻ ይበቃል። የቀረውን ምክር ባያነቡም ውሻዎ አይሄድም።

ምክንያቱ ይህ ነው። ጥብቅ የኳራንቲን ሕግ ያላቸው አገሮች ከወረቀት ይልቅ የሚጠይቁት ጊዜ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ በተነከሰው ገላ ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት፣ ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆያል። ዛሬ ጅራቱን እየቆላ የሚቀበልዎት ውሻ በሽታው በውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ዓይቶ የሚለይ ሐኪም የለም። የተከተበውም ቢሆን ሰውነቱ መከላከያ እስኪያበጅ ድረስ ቀን ይፈልጋል። ስለዚህ ውሻው ይከተባል፤ ወደ አውሮፓ ከሆነ ቢያንስ 30 ቀን ይጠበቅና ደሙ ይቀዳል፤ ደሙም ተቀባዩ አገር ወደሚያምነው ላቦራቶሪ ይላካል። በደሙ ያለው መከላከያ በአንድ ሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መድረስ አለበት። ረጅሙ ቆጠራ ገና የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ከኢትዮጵያ ወደ እንግሊዝም ሆነ ወደ አውሮፓ ኅብረት አገሮች የሚሄድ ውሻ ደሙ ከተቀዳበት ቀን አንሥቶ 3 ወር ይጠብቃል። ጃፓን ሁለት ጊዜ መከተቡን ትጠይቅና ደሙ ከተቀዳ በኋላ 180 ቀን ታስቆጥራለች፤ ያልሞላውን ቀን ውሻው እዚያው ኳራንቲን ውስጥ ተዘግቶበት ይሞላዋል። አውስትራሊያም ናሙናው ላቦራቶሪ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 180 ቀን ትቆጥራለች።

ይህን ቆጠራ ገንዘብ አያሳጥረውም፤ የሚያውቁት ባለሥልጣንም አያሳጥረውም። ነገር ግን የሰውም ፕሮሰስ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። ማመልከቻው በገባ ሰሞን የውሻው ክትባት ቢጀመር ሁለቱ ቆጠራዎች ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ሰዎች የሚያለቅሱት ይህን በጊዜ ባለማወቃቸው ብቻ ነው፤ ይህም ያንገበግበኛል።

ሁለተኛው መንገድ ቅደም ተከተሉን ማፋለስ ነው። ውሻዎን መጀመሪያ ያስከትቡ፤ ማይክሮ ቺፑን ከፈለጉ ከወር በኋላ ያስቀብሩለት። ቺፑ በማጅራቱ ቆዳ ሥር የሚገባ፣ የስንዴ ቅንጣት የሚያህል ነገር ነው፤ በማንበቢያ መሣሪያ ሲዳሰስ 15 አኃዝ ያለው ቁጥር ያሳያል። ከዚህ ቁጥር በቀር ተቀባዩ አገር የተከተበው ውሻና ፊቱ የቆመው ውሻ አንድ መሆናቸውን የሚያውቅበት ሌላ መንገድ የለውም። ስለዚህ ቺፑ ከመግባቱ በፊት የተሰጠ ክትባት ለእነሱ እንዳልተሰጠ ነው፤ ሁሉም እንደ አዲስ ይጀመራል። ቺፑን ሉማሜ ላይ ካላገኙ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ ሊኖርብዎት ነው፤ ከክትባቱ በፊት ይሂዱ።

የክትባት ካርዱንም ለማበላሸት ቀላል ነው፤ «ውሻ፣ ቡናማ፣ ተከትቧል» ተብሎ ማኅተም ከተመታበት በቂ ነው ብለው ይቀበሉ። የቺፑ ቁጥር፣ የክትባቱ ስምና የምርት መለያ ቁጥር፣ የተሰጠበትና የሚያበቃበት ቀን፣ የሐኪሙ ስምና ፊርማ ባይኖርም አይጠይቁ። ክትባቱንም በኪስዎ ይዘው በፀሐይ ሲዞሩ ይዋሉ። ክትባት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ካልተጠበቀ ኃይሉን ያጣል። ሐኪሙ ወግቶት፣ እርስዎም ከፍለው፣ ከወር በኋላ ደሙ ሲመረመር ምንም መከላከያ ሳይገኝ ሊቀር ይችላል።

ወይም ደግሞ ሁሉንም ለደላላ ይስጡት። «ጣጣ የለውም፣ ወረቀቱን እኔ እጨርሰዋለሁ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ የሚጨርሰው ግን በሐሰተኛ ወረቀት ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የበሽታዎች መከላከያና መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የእብድ ውሻ በሽታ በሰፊው ከሚገኝባቸው አገሮች ውሻ ማስገባትን ያገደው ሐሰተኛ የክትባት ወረቀት እየበዛ በመምጣቱ ጭምር ነው። ኢትዮጵያ በዚያ ዝርዝር ውስጥ ነበረች። አንዱ በተጭበረበረ ወረቀት ሲያልፍ፣ ውሻውን በሥርዓቱ ያስከተበውም ሰው አብሮ በሩ ተዘጋበት። በሐሰት ወረቀት የተያዘ ውሻ በባለቤቱ ወጪ ወደ መጣበት ይመለሳል፤ ውሻውን ያን ሁሉ ሰዓት ደግሞ በሳጥን ውስጥ ማንገላታት ነው።

«ለእኛ ለድሆቹ ነው ሕጉ የጠበቀው» የሚል ካለ ይህን ይስማ፤ በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. የሆሊውዱ ተዋናይ ጆኒ ዴፕና የያኔ ባለቤቱ አምበር ኸርድ ፒስቶልና ቡ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ውሾቻቸውን በግል ጄት ያለ ፈቃድ ወደ አውስትራሊያ ይዘው ገብተው ነበር። የጊዜው የግብርና ሚኒስትር ባርናቢ ጆይስ ውሾቹ በሁለት ቀን ግድም ውስጥ ከአገር ካልወጡ እንደሚገደሉ በአደባባይ ተናገሩ። ውሾቹ ወጡ፤ አምበር ኸርድ ደግሞ በሚያዝያ 2008 ዓ.ም. ፍርድ ቤት ቀርባ በሐሰት መግለጫዋ ጥፋተኛ መሆኗን አመነች። የግል ጄት ያለው ሰው ያላለፈውን በር በጓሮ ለማለፍ አይሞክሩ።

ወደ አውስትራሊያ የሚሄዱ ከሆነ ከቦሌ ቀጥታ ለመላክ ይሞክሩ፤ አይሳካም። ኢትዮጵያ አውስትራሊያ ውሻ ከምትቀበልባቸው አገሮች መዝገብ ውስጥ የለችም። ውሻው መጀመሪያ በመዝገቡ ውስጥ ወዳለ ሌላ አገር መሄድ፣ ዝግጅቱን እዚያ መጨረስና ከዚያ መላክ አለበት፤ የማስገቢያ ፈቃዱም አስቀድሞ መውጣት አለበት። የሚያርፈው ሜልበርን ብቻ ነው፤ ከከተማዋ በስተ ሰሜን ሚክልሃም በሚባል ቦታ ያለው የመንግሥት ማቆያ ይቀበለዋል። ማንነቱ በላኪው አገር በመንግሥት ሐኪም በሥርዓቱ የተረጋገጠለት ቢያንስ 10 ቀን፣ ያልተረጋገጠለት ቢያንስ 30 ቀን ይቆያል። ሜልበርን የምትኖረው ልጅ እናቷን ተቀብላ ቤት ታስገባለች፤ ውሻውን ግን እስኪወጣ ድረስ ትጠብቃለች። ወጪው ከባድ ነው፤ ይህን አልሸፋፍንም። ያረጀ ወይም የታመመ ውሻ ከሆነ፣ ይህን ሁሉ ጉዞ ከማስጨረስ ይልቅ ለሚወደው ዘመድ መተው የተሻለ ፍቅር ነው ብዬ አምናለሁ።

አሜሪካ ይቀላል፤ እሱንም ማበላሸት ግን ይቻላል። ከሐምሌ 25 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራው ሕግ ውሻው 6 ወር የሞላውና ቺፕ ያለው መሆን አለበት፤ የክትባቱን ምስክር ወረቀት የመንግሥት የእንስሳት ሐኪም ማጽደቅ አለበት፤ የሚያርፈውም ሲዲሲ የመዘገበው የእንስሳት ማቆያ ባለበት አየር ማረፊያ ብቻ ነው፤ ቦታውም አስቀድሞ ይያዛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የሚያርፍበት የዋሽንግተኑ ደለስ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስለዚህ ቡችላ ይዘው፣ ማቆያ ሳይዙ፣ ርካሽ ትኬት ወደተገኘበት ሌላ ከተማ ይብረሩ። የደም ምርመራ ውጤት ከሌለው እዚያው ማቆያ ውስጥ 28 ቀን በእርስዎ ሒሳብ ይቀመጣል።

መጓጓዣውን በተመለከተ፣ ሳጥኑን በመጨረሻው ቀን ይግዙት፤ ጠባብም ይሁን። ውሻው በውስጡ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተጋድሞ መቀመጥ ካልቻለ ግን አየር መንገዱ አይቀበለውም። ሳጥኑ ከወራት በፊት ቤት ገብቶ እየበላበትና እየተኛበት ቢለምደው ኖሮ ያን ያህል አይፈራም ነበር። «ይተኛልኝ» ብለው የእንቅልፍ መድኃኒት ያብሉት፤ በከፍታ ላይ መተንፈስና የልብ ምት የሚዛባው ከዚህ ነው፤ ብዙ አየር መንገዶችም እንዲህ ያለውን እንስሳ አይጭኑም። ከሉማሜ አዲስ አበባ የሚያደርሰውንም መንገድ አቃልለው ይዩት፤ አይሱዙ ጭነት ላይ አስረው፣ በቀትር፣ ውኃ ሳይሰጡ ይላኩት። ደጀንን አልፎ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ የሚመታውን ሙቀት የሉማሜ ብርድ የለመደ ውሻ አያውቀውም። ማለዳ ተነሥቶ፣ ጥላ ባለበት ቆም እያሉ ውኃ ማጠጣት ምን ያህል ይከብዳል?

በመጨረሻ፣ እነዚህን አገሮች ይርገሙ። «ከሰው ውሻ ይበልጥባቸዋል፣ ለውሻ ደም ይመረምራሉ» ይበሉ። ይህን ንግግር ብዙ ሰምቻለሁ፤ የምቃወመውም ከሁሉ አብልጬ ይህን ነው። እነሱም ዱሮ እንዲህ አይጠነቀቁም ነበር። በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ሲመለስ ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ እንደተወሰደች ይነገራል፤ «አቢሲኒያን» ከሚባለው የድመት ዝርያ ታሪክ ጋርም ስሟ ይያያዛል። በዚያ ዘመን ድመትን ኳራንቲን ያስገባ አልነበረም። እንግሊዝ ቆይታ ስድስት ወር የሚያስዘጋ ሕግ አወጣች፤ እስከ 2000 እ.ኤ.አ. ድረስም አጥብቃ ይዛው በሽታው ከውጭ እንዳይገባባት ተከላከለች። እኛ ዘንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1884 ትግራይን፣ በጌምድርን፣ ጎጃምንና ወሎን ያዳረሰ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ እንደነበር ተመዝግቧል፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ አበባን መታ። ዛሬም አልሄደም። አዲስ አበባ ላይ ፓስተር የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው ከጥንቱ የፓስተር ኢንስቲትዩት ነው። የዛሬው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከዚያ የወጣ ሲሆን፣ በበግ አንጎል ይዘጋጅ የነበረውንና ለብዙ ቀናት ሆድ ላይ ይወጋ የነበረውን ክትባት ሲሠራ የኖረ ነው።

በዓለም በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው በዚህ በሽታ እንደሚሞት ይገመታል፤ አብዛኛው በአፍሪካና በእስያ ነው፤ ከሟቾቹም መካከል ብዙ ልጆች አሉ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙ በሽታውን ያገኘው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ መዳን የለም ማለት ይቻላል። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 በመቶው ቢከተቡ ግን ሰንሰለቱ ይበጠሳል። ሜልበርን በር ላይ የሚፈተነው እዚህ ያልሠራነው ሥራ ነው። እነሱ ለውሻቸው ብቻ ሳይሆን ለልጆቻቸው ነው የሚጠነቀቁት፤ የሉማሜም ልጅ እንዲሁ ሊጠበቅ ይገባዋል።

እንግዲህ ለሚሄደውም ለሚቀረውም አንድ ልመና አለኝ። የሚሄዱ ከሆነ ውሻዎን ሜዳ ላይ ጥለው አይሂዱ፤ በየከተማው ባለቤት አልባ ውሾች በመርዝ ሲገደሉ ኖረዋል። ወይ በጊዜ ተነሥተው ይውሰዱት፣ ወይ አስከትበው ለሚያምኑት ሰው ከነካርዱ ያስረክቡት። የማይሄዱ ከሆነ ደግሞ በዚህ ወር ወደ ወረዳው የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዱት፤ ጎረቤትዎንም ይዘው ይሂዱ። ውሻ የነከሰው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ይጠቡለት፤ ጠበሉንም ጸሎቱንም አያስቀሩ፣ ግን በዚያው ቀን ክትባት ወዳለበት ጤና ተቋም ያድርሱት።