636 ወይስ 637?

ጅግጅጋ ላይ ከገጠር የመጣ አርብቶ አደር ካገኛችሁ ወሬው ሳይሟላ አትለቁትም። ከየት ተነሣህ፣ በየት በኩል መጣህ፣ የት የት ዘነበ፣ ሣሩ እንዴት ነው፣ ግመል ስንት ገባ? እሱም «ሰላም ነው» ብሎ ይጀምርና ለጠያቂው የሚጠቅመውን አንድ በአንድ ያወርደዋል። የእኔ እንጀራ ደግሞ የሞባይል አፕ ሲሞከር ስልኩ የሚጽፈውን ሎግ ማንበብ ነው። ስልክ እንደ አርብቶ አደሩ ወሬ አያውቅም።

ከቶጎ ውጫሌ የደረሰን ሎግ ይኸውላችሁ፦ «ሲስተም፦ አንድሮይድ። ኔትወርክ፦ ተገናኝቷል። ውጤት፦ አልተሳካም።» በቃ። ገንዘብ ለመላክ በአጭር መልእክት መምጣት የነበረበት ማረጋገጫ ቁጥር አልመጣም። አዲስ አበባ ያለው ዴቨሎፐራችን ሎጉን አየና የሙያውን የዘወትር ጸሎት ደገመ፦ «እኔ ጋ ይሠራል እኮ!» ይሠራል እንጂ! ቦሌ ላይ ምን ድንበር አለ?

ቶጎ ውጫሌ ግን ወዲህ ኢትዮጵያ፣ ወዲያ ሶማሌላንድ ናት። ነጋዴው ስልኩ ውስጥ ሁለት ሲም ይዟል፤ አንዱ በ251 የሚጀምር፣ አንዱ በ252። ኢንተርኔቱ በወዲያኛው ሲም ይገባል፤ መልእክቱ የተላከው ሲግናል ወደሌለው ወደ ወዲህኛው። «ተገናኝቷል» ውሸት አይደለም፤ ከማን ጋር እንደሆነ ነው ያልነገረን። የኢትዮጵያ ኔትወርኮች የሚታወቁበት ኮድ 636 ነው፤ ከድንበር ማዶ ያሉት 637። ይቺ አንድ ቁጥር ሎጉ ላይ ብትኖር ስብሰባ ባልተጠራ።

ስብሰባው ደግሞ በሰዓት ላይ ጀመረ። ሞካሪው «ጠዋት 3፡15 ነው የተበላሸው» አለ። ስልኩ 9፡15 ይላል። ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት 6፡15 ጽፏል። ሦስቱም አንዲቷኑ ደቂቃ እያሉ ሦስት ብልሽት መሰለንና ለየብቻ መፈለግ ያዝን። ሐርጌሳም አዲስ አበባም ከመነሻው በ3 ሰዓት ይቀድማሉ፤ ድንበሩ እንኳ ያልከፈለውን ሰዓት እኛ ከፋፈልነው። አሁን እያንዳንዱ መስመር ላይ «+3» ይጻፋል።

«ዝርዝር ይጨመር» የተባለ ዕለት የመጣውንም አልረሳው። የካሜራው ሜጋፒክስል፣ የስክሪኑ ብርሃን፣ የስልኩ ጥሪ ዜማ! ገንዘብ እየላክን እንጂ ሠርግ እየቀረጽን አይደለም። ከሁሉ የከፋው ከመሃል የደንበኛው ስልክ ቁጥርና የሚስጥር ኮድ ተጽፎ መገኘቱ ነበር። እሱን የሚሰርዝ ሰው እስኪገኝ ቢሮው ተሯሯጠ።

የኔትወርኩ ኮድ ሎጉ ላይ ከገባም በኋላ ሌላ ጣጣ ነበር። ሎጉ የስልኩን ሁኔታ ይጽፍ የነበረው አፑ ሲከፈት አንዴ ብቻ ነው። ሞካሪው ጅግጅጋ ላይ ከፍቶት መኪና ተሳፈረ፤ ቶጎ ውጫሌ ደርሶ ሲበላሽም ሎጉ ገና «636» እያለ ጅግጅጋ ቁጭ ብሏል። ስለዚህ የትኛው ሲም፣ የትኛው ኮድ፣ የአፑ ስሪት፣ የቀረው ባትሪ፣ ሁሉም ብልሽቱ በተፈጠረባት ቅጽበት፣ ከብልሽቱ መስመር ሥር እንዲጻፍ ሆነ።

ሞካሪውም የልቡን የሚጽፍባት «አስተያየት» የምትባል ቦታ ተሰጠችው። የመጀመሪያዋ እንዲህ ትላለች፦ «ዝናብ አለ። መብራት የለም። ፍየል ተወደደ።» ዴቨሎፐሩ የመጨረሻዋን ሊያጠፋት ነበር፤ እኔ ከለከልኩ። ፍየል ሲወደድ የገበያ ቀን የሚላከው ገንዘብ ይበዛል፤ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ለምን እንደተንፈራገጠ የምትነግረን እሷ ናት።