ስለ መኪና ትሕትና፤ ከሚኒያፖሊስ ወደ ነቀምቴ የተላከ ደብዳቤ

ይድረስ ለተከበሩ አጎቴ፤ በነቀምቴ ከተማ።

በስልክ እንዳልነግርዎ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የላንድሮቨር ማርሽ ሲጮኽበት የኖረው ጆሮዎ ከእኔ ቃል ይልቅ የራሱን ድምፅ መስማት እንደሚመርጥ ስለማውቅ፣ ነገሩም በጩኸት የሚነገር ስላልሆነ፣ እንደ ቀድሞው ሥርዓት ብዕር ማንሣትን መረጥሁ። ደብዳቤውን የሚያነብልዎትንም ልጅ፣ የረዘመበትን ዐረፍተ ነገር እየዘለለ እንዳያልፍ አደራ ይበሉልኝ።

ባለፈው «ለመሆኑ የምትሠራው ምንድን ነው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። መልሱን ያዘገየሁት ሥራው የሚያሳፍር ሆኖ ሳይሆን ብነግርዎ ስለማያምኑኝ ነው። ሥራዬ፣ ጋሼ፣ መኪና ዝቅ ማድረግ ነው።

እርስዎ በዘመንዎ ሁሉ የደከሙት መኪናን ከመሬት ለማራቅ ነበር። በክረምት ከጊምቢ ቡና ጭነው ሲመለሱ፣ በዴዴሳ ቁልቁለት ቀዩ ጭቃ እንደ ሊጥ ጎማውን ሲይዘው፣ ዲፈረንሻሉም በሁለቱ የጎማ ቦይ መካከል በቀረው ጉብታ ላይ እንቁላል እንደ ታቀፈች ዶሮ ተደላድሎ ሲቀመጥበት፣ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ እየገፋ፣ እርስዎ «አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ቢልልኝ!» እያሉ ወደ ሰማይ ሲጮኹ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በማግሥቱም ባሌስትራውን አንድ ብረት ሲያስደርቡበት ክሪኩን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። እዚህ ግን ባለጠጋ ሰው ደኅና ቆሞ የነበረውን መኪናውን ይዞ ይመጣና፣ ጥማድ በሬ የሚገዛ ገንዘብ ቆጥሮ፣ ሁለት ጣት ወደ መሬት እንዲያስጠጉለት ይለምናል። ሲወጣም እየሣቀ ነው።

እናንተ የኩምሳ ሞሮዳን ቤተ መንግሥት ጠብቃችሁ ለእንግዳ እንደምታሳዩ፣ የዚህ አገር ባለጠጎችም አሮጌ መኪና ጨርቅ አልብሰው ያኖራሉ፤ በክረምት መንገዱ ላይ ጨው ስለሚበተንና ጨውም ብረት ስለሚበላ፣ እስከ ፀደይ ድረስ ከመንበሩ አይነቃነቅም። አሁን የያዝነው ኤም ጂ ቢ የሚባለው ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ እንግሊዛዊ ነው፤ አቢንግደን በምትባል ከኦክስፎርድ አጠገብ ባለች ከተማ ከ1962 እስከ 1980 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ተሠርቶ፣ ቁጥሩ ከአምስት መቶ ሺህ በላይ ደርሷል። ኋላው እንደ እኛው ላንድሮቨር በባሌስትራ ይሄዳል፤ ፊቱ በሞላ ነው። ሾክ አብዞርበሩ ግን እንደ ዛሬዎቹ ቱቦ አይደለም፤ ዘይት የተሞላ ሳጥን ሆኖ ከጎኑ ክንድ ወጥቶለታል፣ ባየሁት ቁጥር ጀበና የምታነሣ ሴት ይመስለኛል።

ይህ መኪና ሲወለድ ዝቅ ብሎ ነበር የተወለደው። ኋላ ግን የአሜሪካ መንግሥት የመኪና መከላከያ ሁሉ በተወሰነ ከፍታ ላይ ይሁን ብሎ ሕግ ባወጣ ጊዜ፣ ፋብሪካው መከላከያውን ብቻ ከፍ ማድረግ ተስኖት፣ በ1974 ጥቁር የላስቲክ መከላከያ አልብሶ መኪናውን ከነነፍሱ ከ25 ሚሊሜትር ባላነሰ ወደ ላይ አነሣው፤ በዚያው ሰሞን ወጪ ለመቆጠብ ሲል እንዳያጋድል የሚይዘውን የፊት ዘንግ አወጣ፣ ኋላ ደግሞ ተጸጽቶ መለሰው። በመሐሉ የተሠሩት ኩርባ ላይ ሲደርሱ፣ ከጆንያ በላይ እንደ ተቀመጠ ተሳፋሪ፣ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሉ ነበር ይባላል። እኛ እንግዲህ መንግሥት ከፍ ያደረገውን ዝቅ የምናደርግ ነን።

መኪናው ዝቅ ማለቱ ስለ ምን ነው ቢሉ፣ የስበቱ ማዕከል ወደ መሬት ሲቀርብ በኩርባ ላይ እንዳያጋድል ነው፤ አንድም፣ ነፋስ ከሥሩ በብዛት ገብቶ እንዳያነሣው ነው፤ አንድም፣ ጎረቤት በመስኮት አይቶ እንዲቀና ነው። ሦስተኛውን ትርጓሜ ከመምህር አልተቀበልሁትም፤ በገዛ ዓይኔ ያገኘሁት ነው።

አሠራሩን ልንገርዎ። አለቃዬ ሰባ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ነው፤ መኪናውን ከመንካቱ በፊት ወለሉን በውኃ ልክ ይመረምራል፣ ወለሉ ከተዛባ ልኩ ሁሉ ሐሰት ነውና። ከዚያ ተንበርክኮ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ያለውን ርቀት በአራቱም ማዕዘን ለክቶ በኖራ ወለሉ ላይ ይጽፋል። የዚህኛው የግራ ኋላ ከቀኙ 12 ሚሊሜትር ወርዶ ተገኘ፤ ባለቤቱ ለብዙ ዓመት ብቻውን የነዳው መሆኑን ባሌስትራው መሰከረበት።

አሁን ግን የሚያስቀው መጣ። ከፍታው የሚለካው ባዶውን አይደለም፤ ሾፌሩ ተቀምጦበት፣ ታንከሩም እኩሌታ ነዳጅ ይዞ ነው። ባለቤቱ በዚያን ቀን ስላልመጣ አለቃዬ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከተኝና «ግባ» አለኝ። ሰውየው 96 ኪሎ፣ እኔ 61። የጎደለውን ለመሙላት ሁለት ከረጢት የውሻ ምግብ አምጥቶ ከጭኔ ላይ አስቀመጠና «አትንቀሳቀስ፣ ወደ ግራም አትዘንበል» ብሎ ከመኪናው ሥር ገባ። እንግዲህ ባሕር ተሻግሬ፣ ኮሌጅ ገብቼ፣ ዲፕሎማዬን በመስታወት አስለብጬ፣ በመጨረሻ የተቀጠርሁት በኪሎዬ ሆነ። ሦስት ሰዓት ያህል በዓምድ ላይ እንደ ቆመ ባሕታዊ ሳልነቃነቅ ስቀመጥ፣ አፍንጫዬን ለማከክ እንኳ ፈቃድ ጠይቄአለሁ፤ ለፋሲካ የሚገዛ ሙክት እንዲህ ያለ መመዘን አልደረሰበትም። እናቴ ይህን ክፍል እንዳትሰማ፤ ቢሮ እንደምሠራ ነው የምታውቀው።

ከፊት አጠር ያለ ሞላ አስገባን፤ አንዳንዱ ሞላውን ቆርጦ ያሳጥራል፣ አለቃዬ ግን ይህን ነውር ይለዋል። ከኋላ በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል የብረት ጉማጅ ሰክተን በረዘመ ብሎን አሰርነው። እዚህ ላይ ስሕተቴን ልናዘዝ። መኪናው ገና ክሪክ ላይ ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ እንደ ተንጠለጠሉ፣ የላስቲክ ቡሾቹን ዳዶ ባለኝ ጉልበት አጠበቅሁት። ወደ መሬት ባወረድነው ጊዜ የሥራችን ፍሬ የት እንደ ገባ ጠፋ፤ መኪናው ኮርቶ ከፍ ብሎ ቆመ። ለካ ላስቲኩ የሚጠብቀው መኪናው በገዛ እግሩ ቆሞ ሸክሙን ከተቀበለ በኋላ ነው፤ ተንጠልጥሎ ከተጠበቀ ግን ሲወርድ ይጠማዘዛል፣ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይበጣጠሳል። አለቃዬ አልተቆጣም። ዳዶዎቹን ሁሉ አላልቶ፣ መኪናውን በእጁ ጫን ጫን ካደረገ በኋላ፣ እኔኑ ከነውሻው ምግብ መልሶ ወደ ወንበሬ አገባኝ።

እዚያ ተቀምጬ ነው እርስዎ ትዝ ያሉኝ። ላንድሮቨሩን ባዶውን አይተው ባሌስትራ ፈርደው አያውቁም፤ 60 ኪሎ የሚመዝነውን የቡና ኬሻ አስደርድረው፣ ተሳፋሪውን ከላይ አስቀምጠው፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው በአክስሉና ከላዩ ባለው ላስቲክ መካከል ጭብጥዎን ከነአውራ ጣትዎ ይከቱ ነበር። ጭብጥዎ ከገባ ይነሡ ነበር፤ ካልገባ አንድ ኬሻ ይወርዳል፣ ወይም አንድ ወፍራም ነጋዴ። የቀኙን ባሌስትራ በግራ ላስገባ ስል በጥፊ የመቱኝንም አልረሳሁም። የላንድሮቨር ፋብሪካ በሾፌሩ በኩል ያለውን ባሌስትራ ከሌላው አስበልጦ ያጎብጠው እንደ ነበር ያነበብሁት እዚህ ከመጣሁ በኋላ ነው፤ ጥፊው ግን ከመጽሐፉ ሃያ ዓመት ቀድሞኝ ነበር።

ይህን ሁሉ ከወንበሬ ላይ ሆኜ ለአለቃዬ አወራሁለት። ከመኪናው ሥር ወጥቶ መነጽሩን ጠረገና ምንም አላለም።

ባለቤቱ በሦስተኛው ቀን መጥቶ ሲያየው ሊስመው ምንም አልቀረው። በእውነቱም ያምር ነበር፤ በአራቱም ማዕዘን ተስተካክሎ፣ የፊት ጎማዎቹም አቅጣጫ እንደ ገና ተለክቶ (ከፍታ ሲለወጥ እርሱም ይዛባልና)፣ ለስግደት እንደ ተዘጋጀ ሰው ጎንበስ ብሎ ቆሟል። ሞተሩን አስነሥቶ ወጣ። ሰፈራችን መውጫ ላይ ሕፃናት ስለሚያቋርጡ መንገዱ ላይ ጉብታ ተሠርቷል፤ ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ሰውየው ማርሚታውን በሁለት እጁ ታቅፎ በእግሩ ተመለሰ። እንዳዘነ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን በትሕትና «አንድ ጣት፣ አንድ ጣት ብቻ ከፍ ይበልልኝ» አለ። ቃል በቃል የእርስዎ ጸሎት ነው! ጉብታውን ብቻ ሳይሆን፣ በረዶው ሲሟሟ የሚቦረቦረውንም የዚህን ከተማ መንገድ ቢያዩት ከባኮ ወዲህ ያለን ይመስልዎ ነበር።

አሁን እንግዲህ ያወረድነውን ልናነሣ ነው፤ ክፍያውም እንደ ገና ነው። አለቃዬ ምን ያህል እናንሣው ብሎ ሲያሰላ ዋለና በመጨረሻ ወደ እኔ ዞሮ «የአጎትህ ጭብጥ ስንት ሚሊሜትር ነው?» አለኝ። የራሴን አሳየሁት፤ አይቶ «ያንተ የጸሐፊ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

ስለዚህ የምለምንዎት ይህ ነው። የቀኝ እጅዎን ጨብጠው፣ አውራ ጣትዎን ቀና አድርገው በነጭ ወረቀት ላይ ያኑሩት፤ ልጁም ዙሪያውን በእርሳስ ያስምርልዎትና ከእኛ አገር ወደዚህ ከሚመጣ ሰው ጋር ይላኩልኝ። ከማስመርዎ በፊት ግን ግሪሱን አጥርተው ይታጠቡ፤ ሽማግሌው የሚቆጥረው በሚሊሜትር ነው።

ልጅዎ፣ ከሚኒያፖሊስ።