የሥራ ፈት ቀለብ

አማርኛ «ሥራ ፈት» የሚለውን ስም ሲያድል አይሰስትም፤ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ ፀሐይ የሚሞቀውም፣ ከምሳ በኋላ ጋደም የሚለውም፣ በአንድ ማኪያቶ ግማሽ ቀን ካፌ የሚውለውም እኩል ይደርሳቸዋል። የሥነ አካል ጥናት ግን ሥራ ፈት የሚባል ፍጡር አያውቅም። ሰው ጣሪያ ጣሪያውን እያየ በተጋደመበት ሰዓት ልቡ ደም ይረጫል፣ ኩላሊቱ ያጣራል፣ ጉበቱ የደረሰውን ሁሉ ተቀብሎ ያደላድላል፤ ከሰውነት ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነው አንጎልም ከጠቅላላው ወጪ አንድ አምስተኛ ያህሉን ለብቻው ይወስዳል፣ ባለቤቱ ለፈተና ቢያጠናበትም ሆነ የጎረቤት ወሬ ቢያዳምጥበት ድርሻው እምብዛም አይለዋወጥም። አካል ምግብን አንድዶ ጉልበት፣ ለውጦም ሥጋና ደም የሚያደርግበት ሂደት በጥቅሉ ሜታቦሊዝም ሲባል፣ ለዚህ ዓይነቱ የማይታይ ሥራ ብቻ በቀን የሚወጣው ጉልበት መሠረታዊ ሜታቦሊዝም ይባላል። በቀላል አነጋገር የሥራ ፈት ቀለብ ማለት ነው።

ቀለቡ የሚሰፈረው በካሎሪ ነው። በምግብ ነገር አንድ ካሎሪ የሚባለው 1 ኪሎ ግራም ውሃን በ1 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ለማሞቅ የሚበቃ ሙቀት ስለሆነ፣ መስፈሪያው የሙቀት እንጂ የጥጋብ አይደለም። ምግብ በአካል ውስጥ ይነዳል የሚለውን ሐሳብ በልኬት ያስደገፈው ፈረንሳዊው አንቷን ላቯዚየ ሲሆን፣ በ1780ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ከላፕላስ ጋር ሆኖ ጊኒ ፒግ የተባለችውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በገላዋ ሙቀት የቀለጠውን ውሃ በመመዘን መተንፈስ ዝግ ያለ ቃጠሎ መሆኑን አሳየ። ሰውየው ግብር ሰብሳቢም ስለነበረ ከማን ላይ ምን ያህል እንደሚወጣ የመቁጠር ልምድ አላነሰውም፤ በ1794 አንገቱን ያስቆረጠውም ሳይንሱ ሳይሆን ይኸው ግብሩ ነው። ከእርሱ ብዙ ቀደም ብሎ ጣሊያናዊው ሐኪም ሳንቶሪዮ ሳንቶሪዮ ከሚዛን ላይ በተንጠለጠለ ወንበር ተቀምጦ እየበላ፣ የገባውንና የወጣውን ለዓመታት መዝኖ፣ ከበላው አብዛኛው በዓይን ሳይታይ ከገላው እንደሚጠፋ ደርሶበት ነበር። ሒሳቡ የሰመረለት ብቻውን ስለበላ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ አጠገቡ «በሞቴ» የምትል የቤት እመቤት ብትኖር ኖሮ ጥናቱ ከመጀመሪያው ምሳ ባላለፈ ነበር።

መሠረታዊው ሜታቦሊዝም በትክክል እንዲለካ የሚጠየቀው ቀላል አይደለም። ተለኪው 12 ሰዓት ያህል ምንም ሳይቀምስ፣ ሌሊቱን ተኝቶ ካደረ በኋላ በጠዋት፣ በማይበርድና በማይሞቅ ክፍል፣ ነቅቶ ነገር ግን ሳይንቀሳቀስ በጀርባው ይጋደማል፤ የሚያስገባው ኦክሲጅንና የሚያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተለክቶም ካሎሪው ይሰላል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚቆይ ምእመን የረኃቡን ሁኔታ ከበቂ በላይ ያሟላል፤ ከስግደት የተመለሰ ሰው ግን እንደተጋደመ ሊቆጠር ስለማይችል ለልኬቱ አይሆንም።

ለዚህ ሁሉ መሣሪያም ትዕግሥትም ለሌለው ቀመር ተበጅቶለታል። አሜሪካውያኑ ሐሪስና ቤኔዲክት በ1919 ከ136 ወንዶችና ከ103 ሴቶች ልኬት ያወጡት ቀመር ለረጅም ዘመን ካገለገለ በኋላ፣ ዛሬ ብዙዎች በ1990 የታተመውን የሚፍሊንና የሴንት ጆርን ቀመር ይመርጣሉ። በዚህ ቀመር ክብደት በኪሎ ተወስዶ በ10፣ ቁመት በሴንቲ ሜትር ተወስዶ በ6.25 ይባዛል፤ ሁለቱ ተደምረው ዕድሜ በ5 ተባዝቶ ይቀነስላቸዋል፤ በመጨረሻም ለወንድ 5 ይደመራል፣ ከሴት 161 ይቀነሳል። ቅናሹ ሴቶችን ለመበደል የታሰበ ሳይሆን፣ በእኩል ክብደት የሴት አካል ከወንዱ ይልቅ ብዙ ስብና ጥቂት ጡንቻ ስለሚይዝ ነው። ለአብነት ዕድሜው 45፣ ክብደቱ 80 ኪሎ፣ ቁመቱ 170 ሴንቲ ሜትር የሆነ የሂሳብ ሠራተኛ ይታሰብ፤ የሥራ ፈት ቀለቡ በቀን 1,642 ካሎሪ ገደማ ይሆናል። ይህ በኤሌክትሪክ ቋንቋ 80 ዋት ያህል ነው፤ ተጋድሞ የሚውል አባወራ እንደ አንድ የድሮ አምፖል ይነዳል ማለት ነው፣ ልዩነቱ መብራት ሲጠፋ አብሮ አለመጥፋቱ ብቻ ነው።

እስከዚህ ድረስ ሐሰት ብዙ ቦታ የለውም፤ ቁመቱ ላይ ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚጨምር ወንድ እንኳ የሚያተርፈው ከ19 ካሎሪ አይበልጥም። ሰው ራሱን የሚያታልልበት ደጃፍ የሚከፈተው ቀለቡ በእንቅስቃሴ ልክ ሲባዛ ነው። ቀኑን ወንበር ላይ የሚያሳልፍ በ1.2፣ ጥቂት የሚንቀሳቀስ በ1.375፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ቀን ስፖርት የሚሠራ በ1.55፣ ከባድ የጉልበት ሥራ ያለበት በ1.9 እንዲያባዛ ይነገረዋል፤ ዳኛው ግን ራሱ ባለጉዳዩ ነው። የሂሳብ ሠራተኛው በመስከረም ጂም ተመዝግቦ ሁለት ቀን መሄዱን፣ ሊፍት በተበላሸ ቀን ደረጃ መውጣቱን፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ መቆሙንም ጭምር አስቦ፣ የመሥሪያ ቤቱን ሰነድ ሲመረምር ፈጽሞ በማይፈቅደው ልግስና 1.55ን ይመርጣል። በ1.2 ቢያባዛ 1,970 ካሎሪ፣ በ1.55 ቢያባዛ 2,545 ካሎሪ ያገኝ ስለነበር፣ ያለ ደረሰኝ የተወራረደው 575 ካሎሪ ለአምስት የሾርባ ማንኪያ ዘይት ጥቂት የጎደለው ነው፣ ያውም በየቀኑ። 1.9 በእርግጥ የሚገባው፣ መርካቶ ከመኪና ላይ ኩንታል የሚያወርደው ወዛደር ግን ማባዣውን ምረጥ ያለው የለም፤ የእርሱ ጭንቀትም የካሎሪ መብዛት አይደለም።

ቦርጭ ሲመጣ የሚከሰሰው ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ነው። ሆኖም ከ6,400 በላይ ሰዎችን መረጃ አሰባስቦ በ2021 የታተመ ሰፊ ጥናት፣ የአካል መጠንና የጡንቻና የስብ ድርሻ ከግምት ሲገባ፣ ሜታቦሊዝም ከ20 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ብዙም እንደማይለወጥ አሳይቷል። የቀመሩ የ5 ካሎሪ ቅናሽ እንኳ በሃያ ዓመት 100 ካሎሪ ብቻ ስለሚሞላ፣ ዕድሜ በነጻ ባይለቀቅ በዋስ መውጣት አለበት። የጾም ወጥም ሌላ ተጠርጣሪ ነው፤ አንድ ግራም ስብ ከየትም ይምጣ ከየት 9 ካሎሪ ያህል ስላለው፣ ዘይቱ ጾመኛ ቢሆንም ካሎሪው ጾመኛ አይደለም። በሽሮው ላይ ተንሳፍፎ የሚያብለጨልጨው ከቅቤው የሚያንስበት ምክንያት የለም።

ቀመሩ የሚያውቀው ግን የራሱን ሳህን ይዞ ለብቻው የሚበላ ሰው ነው። አራት ሰው በከበበው መሶብ እንጀራው በማን ስም እንደሚመዘገብ፣ ወደ ሌላው ወገን ተሻግሮ የተጠቀለለ ዶሮ ወጥ ከማን ሒሳብ እንደሚቀነስ የሚናገር ሠንጠረዥ አልወጣም። በቀኑ መጨረሻ 1,970ውን በጥንቃቄ ሞልቶ እጁን ለመታጠብ ሊነሣ የቃጣው የሂሳብ ሠራተኛ ከአክስቱ እጅ ጉርሻ ይመጣበታል፤ ጉርሻውም በትልቅነቱ የፍቅር መለኪያ ስለሆነ አነስ ይበል ማለት አክስትን መንቀፍ ይሆናል። ተቀብሎ እያላመጠ ስልኩን አውጥቶ ለመመዝገብ ይሞክራል፤ በመተግበሪያው ዝርዝር ውስጥ ፒዛም ሱሺም ሲገኝ ጉርሻ የለም፣ «ሌላ» የሚለውን ቢነካ ደግሞ ስንት ግራም እንደሆነ ይጠየቃል። አንድ ጉርሻ ያጣላል ስለሚባል፣ እርሱ ግራሙን ሲያሰላ ሁለተኛው ከንፈሩ ላይ ደርሷል።